ኦሪት ለታላቁ፣ ወንጌል ለታናሹ

ሙጪት አንዱን ሥዕል ለሁለት ወንድሞቿ ሰጠች። ታላቁን በስልክ «ና ውሰደው፣ እኔ በቃኝ» አለችው፤ ታናሹንም በስልክ «ና ውሰደው፣ እኔ በቃኝ» አለችው። ሁለቱንም ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቀጠረቻቸው፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ። ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ እሷም ይህን አታጣውም። ግን እነዚያን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስገባ ሌላ መላ አልቀረም ነበር። ዘመድ ገብቶበት አፍሮ ተመልሷል፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት።

የነገሩ ሥር አባታቸው ናቸው። አባትየው ፋርማሲ ነበራቸው፤ ከመድኃኒት የተረፈ ጊዜያቸውን ሁሉ የድሮ ሠዓሊዎችን የመዳብ ሥዕል ሲለቅሙ ነው የጨረሱት። የመዳብ ሥዕል ማለት፣ ሠዓሊው የመዳብ ሳህን ላይ ሰም ቀብቶ በመርፌ ይጭራል፣ የተጫረውን አሲድ ይበላዋል፣ ከዚያ ቀለም ተሞልቶ ወረቀት ላይ ይታተማል። የመጀመሪያዎቹ ህትመቶች ጥቁራቸው ሰው ይውጣል። ሳህኑ እያረጀ ሲሄድ ግን ሥዕሉ አመድ ይመስላል። እሳቸው የሚገዙት ቀደምቱን ብቻ ነው፣ እሱንም መንፈሳዊውን ብቻ። መርከብ ይሁን ፈረስ፣ የቱንም ያህል ቢያምር «ይሄ ለጌጥ ነው» ብለው ያልፉታል።

ሲሞቱ ልጆቹ በሰላም ተካፈሉ፤ ያውም እንዴት ያለ ክፍፍል። ኦሪቱ ለታላቁ፣ ወንጌሉ ለታናሹ። አብርሃምና ኢዮብ፣ ዮናስ ከነዓሣው ወደ ታላቅየው ቤት ሄዱ። ልደቱ፣ ስደቱና ስቅለቱ ወደ ታናሽየው ቤት ገቡ። ሁለቱም የአባታቸው ልክፍት ተጋብቶባቸው ስለነበር ማንም አላኮረፈም። ለሴቷ ልጅ የደረሳት የአባቷ የወረቀት መጭመቂያ ነው። ሙጪት የሚለውንም ስም ከሙጫ ያወጡላት አባታቸው ናቸው፣ በልጅነቷ ከሁለቱ ወንዶች መሃል አልነቀል ብላ ስላስቸገረች። ኋላ መዛግብት ቤት ውስጥ ወረቀት ጠጋኝ ሆና ስትቀጠር ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ሥዕል ግን ተረፈ። ጌታ በተራራው ላይ መልኩ ሲለወጥ የሚያሳይ ነው፤ በቀኙ ሙሴ፣ በግራው ኤልያስ፣ ከደመናው በታች ሦስቱ ሐዋርያት በድንጋጤ መሬት ላይ ተዘርረው። ታላቅየው «ሙሴና ኤልያስ የኔ ናቸው፤ ሁለት ለአንድ» አለ። ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፣ በቁጥር ከመጣ ማን ይችለዋል። ታናሽየው የጥርስ ሐኪም ነው፣ አንዴ ከያዘ ሳይነቅል አይመለስም። «ጌታ ቆሞ ሙሴን የሚቆጥር ሰው አየሁ» አለ። መጀመሪያ በሳቅ ተባባሉ፣ ቀጥሎ በቁጣ። ከዚያ ሚስቶቻቸውን አነሡ። በመጨረሻ ደግሞ እናታቸውን ማን አስታመመ፣ ማን ሸሸ የሚለው መጣ፤ እሱ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሙጪት ሥዕሉን ከመሃላቸው ነጥቃ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። እሱ እንደተቆለፈበት የሁለቱም ልጆች አድገው ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

አሁን ታላቅየው ልቡን ታሟል። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይገባል፣ ደረቱ ተከፍቶ ሊሠራለት። ሐኪሙ ሙጪትን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊነሣም ላይነሣም እንደሚችል ነግሯታል። ታላቅየው ደግሞ ለታናሽየው እንዳትነግር አስምሏታል። «አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም፤ ከመጣ በገዛ እግሩ ይምጣ» ነው ያለው። ስለዚህ አፏ ታስሯል። የቀራት ነገር ዛሬውኑ ፊት ለፊት ማገናኘት ብቻ ነው። ያ ሰው ሳይታረቅ ተኝቶ ባይነቃ፣ የሚቀረው ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ ምን ተሸክሞ እንደሚኖር ታውቃለች።

ጠዋት ሥዕሉን ከቁም ሣጥኑ ስታወጣው ደነገጠች። አባቷ ካርቶን ላይ ለጥፈውት ነበር፤ ካርቶኑ ከጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ከጀርባው እያቃጠለው ነው። ወረቀት ጠጋኝ ሆና እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ለወንድሞቿ ልትሰጥ አፈረች። ትክክለኛው ሥራ ካርቶኑን በደረቁ፣ በቢላ ስስ ስስ እያደረጉ መግፈፍ ነው፤ እሱ ግን ሳምንት ይፈጃል። በሙያዋ ደግሞ የታወቀ ሕግ አለ፤ ማንኛውም ወረቀት ውሃ ከመንካቱ በፊት ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል፣ የተቀጠለ ቦታ እንዳለው ለማወቅ። ካርቶን የተለጠፈበት ወረቀት ብርሃን አያሳልፍም። «የአባዬ ወረቀት ነው፣ ምን ይኖረዋል» አለች ለራሷ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲል ብትሰማ ኖሮ ከሥራ ታስባርረው ነበር።

የመብል ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ አስቀምጣ ለብ ያለ ውሃ ሞላችበት፣ ሥዕሉን አስተኛችው። የድሮ ህትመት ቀለሙ ከዘይት የተሠራ ስለሆነ ውሃ አያስለቅቀውም። ከምሳ በኋላ ሙጫው ለሰለሰ፤ ካርቶኑን ከሥር ጎተተችው፣ ወረቀቱም ነጻ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ነጭነቱ ተመልሶ ስታይ ደስ አላት። ከዚያ ከደመናው ሥር ፀጉር የምታክል መስመር አየች። እያየቻት መስመሯ ሰፋች፣ ሥዕሉም እዚያው ላይ ለሁለት ተከፈለ።

መጀመሪያ የቀደደችው መሰላት። ዝቅ ብላ ስታይ ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ በቢላ የተቆረጠ። ላይኛው ክፍል፣ ጌታና ሁለቱ ነቢያት ያሉበት፣ ጥቁሩ እንደ ሌሊት የከበደ ነው። ሐዋርያቱ ያሉበት ታችኛው ክፍል ከሌላ ህትመት የመጣ ነው፣ ካረጀ ሳህን። ከላይኛው ጋር እንዲመሳሰል አንድ ሰው በጥላሸት አጥቁሮት ነበር፤ ጥላሸቱ አሁን ውሃው ውስጥ እየለቀቀ ነው። ሁለት የተበላሹ ህትመቶች ተቆርጠው አንድ ደህና ተሠርቶባቸዋል ማለት ነው። ለአባቷ ሥዕሉን የሸጠላቸው ሰው ጉድ ሠርቷቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነሆ ወረቀቱ ለቀቀ፣ የቀሩት ሞኞቹ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አሁን ለአንዱም ለሌላውም የምትሰጠው ሥዕል የለም፣ የምትሸሽበት ሰዓትም የለም። እጇን ሳታደርቅ የበሩ ደወል ጮኸ።

የመጣው ታናሽየው ነው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጠፍጣፋ የሥዕል ቦርሳውን በብብቱ ይዞ፣ ፊቱ በርቶ። «እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ፤ በመጨረሻ ሰው ሆንሽ» አላት እየሳማት። «የታለ?»

«ቁጭ በል መጀመሪያ» አለችው።

«ተቀምጬ ምን አደርጋለሁ? ላየው እንጂ።»

«አሁን ታየዋለህ። ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጠ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ መለሰ። ስለ ክሊኒኩ ጠየቀችው፤ ጥርስ አሁንም ያመዋል ሰውን፣ አላት። ዓይኑ የተዘጋውን የመብል ቤት በር ደጋግሞ ያያል። ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ፣ ቀስ ያለ፣ ሁለት ጊዜ ያረፈ። ሙጪት ተነሣች። በሩን ስትከፍት ታላቅየው እያለከለከ ቆሟል፣ እሱም ጠፍጣፋ ቦርሳ በብብቱ ይዞ።

ሁለቱ ቦርሳዎች ተያዩ። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱንም የገዙላቸው አባታቸው ነበሩ። ሳቅ የሚገባ ነገር ነበር፣ የሚስቅ ሰው ግን አልተገኘም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ታናሽየው ከወንበሩ ተነሥቶ። ወንድሙን አላየም፤ እሷን ነው ያየው።

«ለሱ ሰጠሽው?» አለ ታላቅየውም እሷኑ እያየ።

«ለሁለታችሁም ነው የሰጠሁት።»

«አንዱን ሥዕል?» አለ የሂሳቡ አስተማሪ።

«አሁን ሁለት ሆኗል።»

ታናሽየው ይህን እንደ ቀልድ ቆጠረው፤ ቀልዱም አልጣመውም። «አንቺን ብሎ ሙጫ። እኔ እንዲህ የምትጫወቱብኝ ሰው አይደለሁም» ብሎ ወደ በሩ ተራመደ። ታላቅየው በሩ ላይ ቆሟል፣ መቃኑን ተደግፎ፣ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ። አንዱ ካልተንቀሳቀሰ ሌላው መውጣት አይችልም፤ ማናቸውም «እለፍ» ወይም «አሳልፈኝ» የሚል ቃል ለማውጣት ዝግጁ አልነበሩም። ሙጪት ይህ በር ከተከፈተ ዳግመኛ እንደማይገናኙ ገባት።

«ሥዕሉ ውሃ ውስጥ ነው» አለች።

ለሌላ ሰው ተራ ወሬ ነው። ለነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ልጃችሁ ውሃ ውስጥ ነው እንደማለት ነው። ታናሽየው ቦርሳውን ጥሎ ወደ መብል ቤቱ ሮጠ፤ ታላቅየው መሮጥ ባይችልም ተከተለው። ትሪው ላይ ጎን ለጎን አጎነበሱ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ መነካካታቸውን ሁለቱም ሳያውቁት። ሁለቱም ከደረት ኪሳቸው አጉሊ መነጽር አወጡ። እሷ ከኋላቸው ቆማ ስድቡን ትጠብቃለች።

«በቢላ ነው» አለ ታላቅየው መነጽሩን ከጠርዙ ሳያነሣ። «አንቺ አይደለሽም።»

ሙጪት ወደ ትሪው ጠጋ አለች።

«ላይኛው ቀደምት ነው» አለ ቀጥሎ።

«ታችኛው ያረጀ ሳህን ነው» አለ ታናሽየው፣ ለውሃው የሚናገር ይመስል። «አመድ ነው።»

«በጥላሸት ነው ያጠቆሩት፣ አየኸው?»

«አየሁት። የጴጥሮስ እጅ ላይ ገና አለ።»

«አባዬን ጉድ ሠሯቸው።»

«አባዬ ያውቁ ነበር።»

«አያውቁም።»

«ካርቶን ላይ ለምን ለጠፉት ታዲያ? ሌላ የትኛውን ሥዕል ለጥፈው ያውቃሉ? እኛ ብርሃን ላይ ይዘን እንዳናይባቸው ነዋ።»

ታላቅየው ይህን አሰበበት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሙጪት ደንግጣ ስታየው እየሳቀ ነው። «ስንት ዓመት ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ቀደምት ነው› ሲሉ» አለ። ታናሽየውም በአፍንጫው ሳቅ አመለጠው። ሙጪት ከኋላቸው ሆና እንባዋ መጣ። ትንሽ ብቻ እንዲቆይላት ለመነች።

አልቆየም። ታናሽየው ቀና ብሎ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው ነገሩ አለቀለት። ላይኛው ለኔ፣ ታችኛው ለሱ። ጸብ የለ፣ ክርክር የለ።»

«ላይኛው ላይ ሙሴ አለ። ኤልያስ አለ።»

«ጌታም አለ።»

«አመዱን ለኔ፣ ጥቁሩን ለራስህ? ድሮም አመልህ ይሄ ነው። እማዬ ስትታመምም ቀሎ የታየህን ነው ያነሣኸው።»

«እማዬን አታንሣ። እማዬን ከአፍህ አውጣ» አለ ታናሽየው፣ ፊቱ ቀልቶ። የታላቅየው ፊት ግን አልቀላም። ነጣ፣ ከንፈሩም ውሃ እንደነካው ጥላሸት ሆነ። ሙጪት አየችው። አፏ ላይ የመጣውን ነገር መሐላዋ መለሰባት።

«ዝም በሉ ሁለታችሁም» አለች። «እናንተ ስትጨቃጨቁ ወረቀቱ እየሟሸሸ ነው። አሁን ካልወጣ የምትካፈሉት ሊጥ ነው።» እውነት ነበር፤ ከልክ በላይ ተነክሯል። ሁለት እጅ ብቻውን የሚያወጣውም አይደለም። ስስ ጨርቅ ከሥሩ ይገባል፣ ሁለቱ ግማሾች ጨርቁ ላይ ይገጣጠማሉ፣ ከዚያ ጨርቁ በአራት ማዕዘኑ ተይዞ አንድ ላይ ይነሣል። አንዱ ወገን ከዘነበለ እርጥብ ወረቀት በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል። ታላቅየውን በአንዱ ጫፍ፣ ታናሽየውን በሌላው ጫፍ አቆመቻቸው። ሕመምተኛን ሰው እንዲህ ማቆሟ ከብዷት ነበር፤ ወረቀት ነው፣ አይከብድም ብላ ራሷን አታለለች። አብረው ይሥሩት እንጂ የሚለው ምኞቷ በለጠባት።

እሷ በብሩሽ ላይኛውን ከታችኛው አገናኘች። «አሁን» አለች።

ጨርቁ ከውሃው ወጣ። ውሃው መጀመሪያ ወረደ፣ ከዚያ ተንጠባጠበ።

«ቀስ» አለ ታላቅየው።

«ቀስ ነው።»

«ወደኔ ዘንብሏል።»

«አይቻለሁ፤ ከፍ አድርግልኝ።»

«አደረግሁ። አሁን ወደ ግራ።»

«ያንተ ግራ ወይስ የኔ?»

«የኔ።»

ሙጪት ብሩሿን እንደያዘች አብራቸው በጎን ትራመዳለች፣ ለመናገር እየፈራች። ውሃውን የሚመጥጠው ወረቀት ከመስኮቱ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ተዘርግቷል። በሁለቱ መሃል ሥዕሉ እንደገና አንድ ሆኗል፤ ደመናው ከተራራው ጋር ገጥሟል፣ የማያውቅ ሰው አይለየውም። ሰሌዳው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ጨርቁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አታንቀጥቅጠው» አለ ታናሽየው።

«አላንቀጠቀጥኩም።»

«እያንቀጠቀጥከው ነው፣ ያንተ ጫፍ ነው» አለና ከወረቀቱ ዓይኑን አነሣ። ከገባ ጀምሮ ወንድሙን ፊት ለፊት ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክሊኒኩ ወንበር ላይ ሰው ሲደክምበት አይቶ ያውቃል፤ ያ የከንፈር ቀለም ምን እንደሆነ አይጠፋውም። «ጋሼ?» አለ። «ምን ሆነሃል?»

ሙጪት መሐላዋን እዚያው በላችው። «ነገ ልቡን ሊሠራ ነው» አለች። «እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነው።»

የታላቅየው ጉልበት ከዳው። በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ቁጭ አለ፤ ግን የያዘውን ጫፍ ሳይጥል፣ እጆቹን ወደ ወንድሙ ዘረጋለት። ታናሽየው ተስቦ ተቀበለው። አራቱንም ማዕዘን ብቻውን ያዘ፣ ጨርቁ መሃሉ ላይ እንደ አንቀልባ ረገበ፣ ሥዕሉ በክንዶቹ መሃል ተኛ። ሙጪት ብሩሿን ወርውራ ታላቅየው ላይ ተደፋች፤ ኮሌታውን ፈታች፣ ኪሱን ፈትሻ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ኪኒን አጎረሰችው፣ በሌላ እጇ ስልኳን ትደውላለች። ቁጥሩን ተሳሳተች፣ እንደገና ደወለች።

ታናሽየው እንደቆመ ቀረ። ሰሌዳው ከወንድሙ ወዲያ ማዶ ነው፣ ትሪው ከኋላው ርቋል። ከተራመደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ ካልተራመደ ወንድሙ ጋ አይደርስም። አባቱን ያሞኘ ወረቀት ነው፣ የተቀጠለ፣ ሰው ቢሰማ የሚስቅበት። ቢሆንም ላይኛው ቀደምት ነው። እንዲህ ያለ ጥቁር በዕድሜው ሁለተኛ በእጁ አይገባም፤ ስንት ሌሊት በሕልሙ አይቶታል።

«ልጣለው?» አለ። «ጋሼ፣ ልጣለው?»

«እንዳትጥል» አለ ታላቅየው ከመሬት። ዓይኑን ጨፍኗል። «ያዘው። ደህና ነኝ። እንዳትጥል ብያለሁ።»

ታናሽየው ጣለው።

እርጥቡ ወረቀት ሲሚንቶው ላይ በፊቱ ተለጠፈ። እላዩ ላይ ተንበረከከ፣ በጉልበቱ እየደፈጠጠው ተሳበ፣ የወንድሙን ራስ ከግድግዳው አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገው። በተተኮሰው ሸሚዙ እጅጌ ግንባሩን ጠረገለት። ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ሙጪት ስልክ ውስጥ አድራሻዋን ትናገራለች፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴው በር፣ እባካችሁ ፍጠኑ።

«አበላሸኸው አይደል?» አለ ታላቅየው።

«አበላሸሁት።»

«ደደብ።»

«አዎ።»

ታላቅየው ትንሽ ተነፈሰ። ኪኒኑ ምላሱ ሥር እየሟሟ ነው፤ ቃሉ ተያይዞ ይወጣል። «ሙሴስ?»

«ጉልበቴ ሥር ነው።»

«ኤልያስ?»

«እሱም አለቀለት።»

«ማን ቀረ ታዲያ?»

ታናሽየው ወደሱ አጎነበሰ። እንባው በወንድሙ ጉንጭ ላይ ይወርዳል፣ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

«እኔ አለሁ» አለ። «እኔ አለሁ፣ ጋሼ።»

ታላቅየው ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ሰደደ፣ ሸሚዙን አገኘ፣ ጨምድዶ ያዘው። ከታች የአምቡላንሱ ድምፅ መጣ። ሙጪት በሩን ልትከፍት ወጣች።